ምኒልክን በቁጥር መጻፍ፦ የአንጎለላው ልጅ እና ወደ ማሽን የገባው ፊደል

4637፣ 4754፣ 4621፣ 4781።

የስልክ ቁጥር አይደለም፣ የሎተሪ ዕጣም አይደለም። ስም ነው። ኮምፒውተር ላይ ማይክሮሶፍት ዎርድን ክፈቱ። «አልት» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ በስተቀኝ ባለው የቁጥር ሰሌዳ 4637 ጻፉና ቁልፉን ልቀቁት። «ም» ይመጣል። 4754 «ኒ» ነው፣ 4621 «ል»፣ 4781 ደግሞ «ክ»። ምኒልክ! የአማርኛ ኪቦርድ ሳትጭኑ በቁጥር ብቻ ጻፋችሁት ማለት ነው።

ኪቦርድ ላይ የሌሉ ምልክቶችን በቁጥር የሚያወጡ ትንንሽ ፕሮግራሞችም ሥራቸው ይኸው ነው። ቁጥር ትሰጣላችሁ፣ ፊደል ይሰጧችኋል። ይህ የሚሆነው ግን አንድ ሰው ቀድሞ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ከሰጠው ብቻ ነው። የኛ ፊደል ይህን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በጣም ቅርብ ነው።

ለምሳሌ የምኒልክን ስም የመረጥኩት ያለምክንያት አይደለም። ስለ አጼ ምኒልክ ሲወራ ዓድዋ ይነሳል፣ ባቡር ይነሳል፣ ክርክርም አይጠፋም። ሕይወታቸውን በሌላ መስመር መከተልም ይቻላል፤ የግዕዝ ፊደልን ከብራና አውጥተው ብረት ላይ፣ ቴምብር ላይ፣ ማተሚያ ውስጥ ለማስገባት ባደረጉት ጥረት። አብዛኛው ተሳክቶላቸዋል። አንዱ ግን አልሆነም፤ እሱም ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ኪቦርድ ነው።

ከጫጫ ብዙ ሳይርቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው ደብረ ብርሃን ከመግባቱ በፊት ጫጫን ያገኛል። ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ስሙን የወሰደባት አንጎለላ ዛሬ ጸጥ ያለች የገጠር ቦታ ብትሆንም፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ጋር የሸዋ ቤተ መንግሥት መቀመጫ ነበረች።

ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. እዚያው አንጎለላ ላይ አንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናቱ ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። የክርስትና ስሙ ሣህለ ማርያም ሆነ። ምኒልክ የሚለውን ስም አያቱ እንዳወጡለት ይነገራል።

ቤቱ የውጭ ዕቃ የማይታወቅበት ቤት አልነበረም። ልጁ ከመወለዱ ከሦስት ዓመት በፊት ሜጀር ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ሸዋ ገብቶ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራርሟል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሣሪያና ዕቃ የአያቱን ቀልብ ይስብ ነበር። የልጅ ልጃቸውም ይህን ጠባይ ወርሷል።

ልጅነቱ ግን አጭር ነበር። በ1848 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባቱ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ። የ11 ዓመቱ ልጅ ተይዞ ወደ መቅደላ ተወሰደ። እዚያ የኖረው በሰንሰለት ታስሮ አይደለም። እንደ መኳንንት ልጅ ተማረ፣ የቴዎድሮስንም ልጅ አገባ። ያም ሆኖ ምርኮኛ ነበር። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ሌሊት ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወሎዋ ገዢ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ደረሰ። ወርቂት የገዛ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ ስለነበር ምኒልክን አሳልፈው በመስጠት ልጃቸውን ማትረፍ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ቴዎድሮስም ልጃቸውን ገደሉት። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው አንኮበር የገቡት በዚህ ዋጋ ነው።

አንኮበር ላይ ሳሉ፣ በ1871 ዓ.ም.፣ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ መጣላቸው። ከዚያ በኋላ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አብሯቸው ሠርቷል። ምኒልክ ሐሳብ ያመነጫሉ፤ ዕቃው ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሠራ የሚያጣራው አብዛኛውን ጊዜ ኢልግ ነው።

አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ቋንቋ

ፊደል የአገር ጉዳይ መሆኑን ምኒልክ የተረዱት ከመጽሐፍ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌ ውል ተፈረመ። ውሉ አማርኛም ኢጣሊያንኛም ቅጂ ነበረው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ እንደምትችል ይናገራል። በኢጣሊያንኛው ደግሞ ግዴታ ነው። «ትችላለች» እና «አለባት»፤ ልዩነቱ ይህችው ናት።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ ዜናውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጻፉ። መልሱ ሲመጣ ግን ጉዳያችሁን በኢጣሊያ በኩል አድርጉት የሚል መንፈስ ነበረው። ኢጣሊያንኛው ምን እንደሚል በግልጽ የወጣው ያኔ ነው። አውሮፓ ያነበበው ማንበብ የሚችለውን ቅጂ ብቻ ነበር። አማርኛውን የፈተሸ አልነበረም።

ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ሁለቱ ቅጂዎች እንደማይገጥሙ አሳወቁ፣ ቀጥሎም ውሉን ሰረዙ። መጨረሻው ይታወቃል፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ተሻረ።

የዓድዋ መነሻ አንድ ግስ ነው ማለት ማጋነን ነው፤ ኢጣሊያ የመጣችው ቅኝ ግዛት ፈልጋ ነው። ነገር ግን የራስህን ጽሑፍ ሌላው የማያነበው ከሆነ፣ እሱ ባነበበው ልክ ትዳኛለህ። ከዚያ በኋላ ምኒልክ ፊደላቸው የሚታይበትን ቦታ ማብዛታቸው ከዚህ ጋር ተያይዞ ሲታይ ትርጉም ይሰጣል።

ብር ላይ እና ቴምብር ላይ

ሳንቲም የሚመታበት ቅርጽ አንዴ ነው የሚቀረጸው። ሥዕሉና ጽሑፉ ብረት ላይ ከተቀረጸ በኋላ አንድ ሺህም ሆነ አንድ መቶ ሺህ ብር ብታመታ ፊደሉ ሌላ ወጪ አያመጣም። ፊደልህ 26 ይሁን 260 ለቀራጩ ለውጥ የለውም፤ የሚቀርጸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የተሳካው ይህ ሆነ። ፓሪስ ላይ የተመታው የምኒልክ ብር 1887 ዓ.ም.ን በግዕዝ ቁጥር ይዞ ወጣ። በአንድ በኩል የንጉሡ መልክና ስማቸው፣ በሌላው አንበሳው፤ ጽሑፉ ሁሉ በኛ ፊደል ነው። ከብሩ ሌላ አላድና ሩብም ተመታ።

የፖስታ ሥራ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮችም ፓሪስ ታተሙ። ቅርጹን የሠራው ዩጂን ሙሾን ታዋቂ የፈረንሳይ ቀራጭ ነው። ቴምብሮቹ ላይ የነበረው ጽሑፍ አማርኛ ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው እነዚህን ነው።

ሁለቱም ግን የየራሳቸው ችግር ገጠማቸው። ገበያው አዲሱን ብር ቶሎ አልተቀበለውም። ሰው የለመደው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህ አይገርመውም። ገንዘብ የምትቀበለው ሌላው እንደሚቀበልህ ስታምን ነው፤ የንጉሥ መልክ ብቻውን ይህን እምነት አያመጣም። ቴምብሩም እንዲሁ። የውጭ ፖስታ ቤት የማያነበው ቴምብር ሩቅ አይወስድም። ከ1893 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቴምብሮቹ ላይ በላቲን ፊደል የአገሪቱ ስም እየታከለ ይታተም ጀመር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ፊደልህን ዕቃ ላይ ማስቀረጽ አንድ ሥራ ነው። ዓለም ከሚሠራበት መረብ ጋር ማገናኘት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፣ እሱም ይከብዳል።

በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ

ቀጥሎ ያለው ማተሚያ ነው። የእርሳስ ፊደል ለቃሚ ፊደሉን አንድ በአንድ ከሣጥን ያነሣል። ለላቲን የሚበቃው ሣጥን ለኛ አይበቃም፤ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ላለው ለእያንዳንዱ ቅርጽ የየራሱ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ወጪው ይጨምራል፣ ሥራው ይዘገያል፣ ግን ይቻላል። እንዲያውም ሮም ላይ በግዕዝ ፊደል መዝሙረ ዳዊት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። የውጭ ሰዎች ፊደላችንን ማተም ከጀመሩ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ግን አዲስ አበባ ላይ ጋዜጣ በእጅ ይጻፍ ነበር።

ጋዜጣው «አእምሮ» ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ አንድሬያስ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ በየሳምንቱ ማዘጋጀት ጀመረ። ስሙን ያወጡለት ምኒልክ መሆናቸው ይነገራል። መጀመሪያ ላይ በእጅ የሚገለበጠው 24 ቅጂ ብቻ ነበር። አንብቦ ለሌላው ማቀበል የተለመደ ነበር እንጂ፣ ዛሬ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እንኳ 24 አባል ብቻ ቢኖረው ባዶ ነው ትሉታላችሁ።

በ1890ዎቹ መጨረሻ ምኒልክ የመንግሥት ማተሚያ አስመጡ። «አእምሮ»ም ውሎ አድሮ በማተሚያ መውጣት ቻለ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬም ድረስ በስማቸው የሚጠራው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ማተሚያ ያለ አንባቢ፣ አንባቢም ያለ ማተሚያ ብዙ አይራመዱም።

በዚያው ዘመን ፊደሉ የአማርኛና የግዕዝ ብቻ አልነበረም። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲያሳትም የተጠቀመው ይህንኑ ፊደል ነው። የምኒልክ መንግሥት ወደ ደቡብና ምዕራብ የሰፋው በጦርነት ነው፣ የዚያ ቁስል ዛሬም ይነሳል። የጽሕፈት ታሪኩን ስናወራ ይህን መዝለል አይገባም። መንግሥት በአንድ ቋንቋ ሲጽፍ ያንን ቋንቋ የማይናገር ዜጋ ምን እንደሚሰማው፣ የውጫሌው 17ኛ አንቀጽ ራሱ ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

ድምፅ ፊደል አይጠይቅም

ምኒልክ በጣም የወደዷቸው መሣሪያዎች ከፊደል ጋር ችግር የሌላቸው ናቸው። የስልክ ዝርጋታ በ1886 ዓ.ም. አካባቢ ተጀምሮ ሐረርንና አዲስ አበባን በ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ አገናኘ። ካህናቱና መኳንንቱ ሰው ሳይታይ የሚሰማውን ድምፅ ቢጠራጠሩትም ምኒልክ አልተዉትም። ስልክ አማርኛ ከፈረንሳይኛ አይለይም። የተናገርከውን ያደርሳል፣ ለ«ቋ» ቁልፍ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ፎኖግራፍም እንዲሁ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን በሰም ሲሊንደር ቀድተው ላኩላቸው። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በተራቸው የራሳቸውን ድምፅ ቀድተው መለሱ። ዛሬ ጽሑፍ መጻፍ ሲሰለቻችሁ የምትልኩት «ቮይስ» ማለት ነው። ወደ 1900 ዓ.ም. ገደማ አንድ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ሲደርስም ምኒልክ ለመሳፈር አልፈሩም።

የአሜሪካኖቹ ስጦታ

በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ በበቅሎና በግመል ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ። በቀናት ውስጥ የሁለቱ አገሮች የመጀመሪያ የንግድ ውል ተፈረመ። ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመጡ ስጦታዎችም ነበሩ። ከነሱ አንዱ የጽሕፈት መኪና ነው፤ በተለምዶ ታይፕራይተር የምንለው።

እስቲ አስቡት። ብር ያስመቱ፣ ቴምብር ያሳተሙ፣ ስልክ ያስዘረጉ ንጉሥ ፊት መኪናው ተቀምጧል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ አንድ ፊደል ወረቀቱ ላይ ይመታል። ግን ይህ መኪና የንጉሡን ስም በገዛ ፊደላቸው መጻፍ አይችልም።

ችግሩ የሒሳብ ነው። የዚያን ዘመን የጽሕፈት መኪና ከ40 የሚበልጡ ቁልፎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ሲይዝ 80 ምናምን ይሆናል። ለእንግሊዝኛ ይተርፋል። የኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ቋ፣ ኳ፣ ጓ እና መሰሎቻቸው፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ250 ያልፋል። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ይሰጠው ከተባለ ሦስት መኪና ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ይባስ ብሎ «ምኒልክ» ውስጥ አንድም የግዕዝ ቅርጽ የለም፦ «ም» ሳድስ፣ «ኒ» ሣልስ፣ «ል» እና «ክ» ሳድስ። መነሻ ቅርጾቹን ብቻ የያዘ መኪና ቢሠራ እንኳ ስማቸው አይጻፍም ነበር።

ለሳንቲም ወጪው አንድ ጊዜ ነው። ለማተሚያ ወጪው ከፊደሉ ብዛት ጋር ይጨምራል። ኪቦርድ ግን ጣሪያ አለው፤ ሁለት እጅና አሥር ጣት። እዚህ ጋ ገንዘብ ብቻውን አይሠራም፣ ፊደሉን በሌላ ዓይን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። አንድ የአሜሪካ ፋብሪካ ደግሞ ገዢዎቹ በጣት ለሚቆጠሩበት ገበያ ይህን ጭንቅላት አያስጨንቅም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ከነሱ መካከል የጽሕፈት ሚኒስትር ነበር፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ የዘመናቸውን ታሪክም የጻፉት እሳቸው ናቸው። የመንግሥት ደብዳቤ በሙሉ በጸሐፊ እጅ እየተጻፈ በማኅተም ይጸና ነበር።

በዚያው ዓመታት ሕመም ጠናባቸው። ደጋግሞ የመታቸው በሽታ መጀመሪያ እንቅስቃሴያቸውን፣ በኋላም አንደበታቸውን ያዘው። የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ ተብሎ ታወጀ። ሽቦ ዘርግተው ሐረር ድረስ ያወሩ የነበሩት ሰው በመጨረሻ መናገር ተሳናቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፣ ሞታቸውም ለጊዜው ለሕዝብ አልተነገረም።

የቀረውን ማን ጨረሰው?

በቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሠሩ። የአማርኛ ታይፕ የሚሠራበት መላ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ፊደሉን ይገነጥሉታል። ዋናው አካል አንድ ቁልፍ ላይ ይቀመጣል፤ ካዕብ የሚያደርገው ጭረት፣ ኃምስ የሚያደርገው ቀለበት ሌላ ቁልፍ ላይ። ጭረቱ ሲመታ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም፤ ሁለቱ ተደርበው አንድ ፊደል ይሆናሉ። መልኩ አንዳንዴ የተገጣጠመ ይመስላል፣ ጭረቱ ከአካሉ ይርቃል። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቢሆንም መንግሥትና ፍርድ ቤት ለአሥርተ ዓመታት በዚህ ጻፉ፣ «ታይፒስት» የሚባል ሙያም ተፈጠረ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ዶ/ር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። ችግሩ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለ«ም» የየራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። እንደ ምኒልክ ብርና ቴምብር ማለት ነው፤ ዕቃው አለ፣ ሁሉም የሚቀበለው ስምምነት ግን የለም።

ስምምነቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ከ340 በላይ የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን ቁጥር ሰጣቸው። «ሀ» 4608 ሆነች፣ ሌሎቹም ተከታትለው ተሰለፉ። ከዚያ ወዲህ 4637 አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ጫጫም «ም» ነው። ፊደልና ቁልፍ ተለያዩ። ኪቦርዱ 250 ቁልፍ አያስፈልገውም፤ የትኛው ቁጥር እንደተፈለገ ማወቅ ብቻ ይበቃዋል። በፎነቲክ ኪቦርድ ኤም፣ ኤን፣ አይ፣ ኤል፣ ኬ ስትሉ በአምስት ንኪት «ምኒልክ» ይወጣል።

ስለዚህ ዛሬ ማሽኑ ሰበብ አይሆንም። አብዛኛው ስልክ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ በነጻ ይገኛል። እኛ ግን ሰላምታችንን እንኳ በላቲን ፊደል እየጻፍን «አለመድኩትም» እንላለን። የኢኮኖሚክሱ ሕግ እዚህም ይሠራል። ኩባንያዎች የፊደል እርማትን፣ ፍለጋን፣ የድምፅ ንባብን የሚያሻሽሉት ሰው ለሚጽፍበት ቋንቋ ነው። በፊደላችን የተጻፈ ነገር ባነሰ ቁጥር በፊደላችን የሚሠራ ነገርም ያንሳል።

ምኒልክ ፓሪስ ድረስ ልከው፣ ከፍለው፣ ዓመታት ጠብቀው ያስቀረጹትን ፊደል እናንተ በአውራ ጣት ታወጡታላችሁ። ኪቦርዱን ለመቀየር የሚያስፈልገው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፦ «ሴቲንግ» ውስጥ ገብታችሁ ቋንቋ የሚለው ጋ አማርኛን መጨመር። ለመልመድ አንድ ሳምንት ይፈጅ ይሆናል።